የፑዪ ወንድም ከአንድ መስመር በላይ ይገባዋል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ቻይና የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ስለ ፑዪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ታናሽ ወንድሙ ልዑል ፑጂዬ በአንድ መስመር መታለፉ ግን አሳዝኖኛል።

እ.ኤ.አ. በ1937 የጃፓን ጦር ሹማምንት ከጃፓናዊቷ የመኳንንት ልጅ ከሂሮ ሳጋ ጋር ያጋቡት ለፖለቲካ ነበር፤ ጃፓን በማንቹሪያ ያነገሠችው ፑዪ ልጅ ስላልነበረው፣ ዙፋኑን ከጃፓናዊት እናት የተወለደ ልጅ እንዲወርስ ፈልገው ነው። ሁለቱ ግን ከልብ ተዋደዱ። በ1945 ፑጂዬን ሶቪየቶች ማረኩት፤ በሶቪየት ኅብረትና በቻይና 15 ዓመት ያህል ታሰረ። ሂሮ ከብዙ እንግልት በኋላ ጃፓን ገብታ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ያለ አባት አሳደገች።

ትልቋ ልጅ ሁዪሼንግ ገና ተማሪ ሳለች ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ለዡ ኤንላይ በራሷ እጅ ጽፋ፣ ቤተሰቡ ከአባቷ ጋር እንዲጻጻፍ ፈቃድ አስገኘች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል፤ ያቺ ልጅ በ1957፣ በ19 ዓመቷ፣ የአባቷን ፊት ዳግም ሳታይ ሞተች። እሱ የተፈታው በ1960 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሂሮ ቤጂንግ ገባች፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1987 ድረስም አብረው ኖሩ።

እባካችሁ ለዚህ ቤተሰብ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት፤ የሁዪሼንግም ስም አይቅር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ