ምድር ማግኔት ናት ብዬ አሳስቼሽ ነበር

ይድረስ ለልጄ፣

በስልክ የነገርሽኝ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ምድር ለምን ትስበናለች?» ሲባል «ማግኔት ስለሆነች» ብለሽ ጽፈሽ ኤክስ የገባብሽ በኔ ጥፋት ነው። አራተኛ ክፍል እያለሽ እንዲያ ያልኩሽ እኔ ነኝ። መምህርሽ ልክ ናቸው።

ምድር ማግኔትነት አላት፤ የኮምፓስን መርፌ የምታዞረው በዚያ ነው። አንቺን የያዘችሽ ግን በሌላ ነው። ማግኔት ሚስማር ያነሳል እንጂ ድንች አያነሳም። ምድር አትመርጥም፤ ድንቹንም ሚስማሩንም አንቺንም ትጎትታለች። ስበት የሚባለው ይሄ ነው። ማስ (የቁስ መጠን ማለት ነው) ያለው ሁሉ ማስ ያለውን ሁሉ ይስባል። ኒውተን ሕጉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው።

«ታዲያ እኔና አንተ ለምን አንሳሳብም?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እንሳሳባለን! ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እኔ 70 ኪሎ፣ አንቺ 45፣ በመሃላችን 1 ሜትር። የወጣው ኃይል የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ ግን በ1798 እንዲህ ያለውን ሚጢጢ ኃይል ለካው። በሽቦ በተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ትንንሽ የእርሳስ ኳሶች አሰረ (የመጻፊያው አይደለም፣ ብረቱ)። ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች ደግሞ አጠገባቸው አደረገ። ሽውታ እንዳይረብሸው ውጭ ሆኖ ዘንጉ ትንሽ ሲዞር በቴሌስኮፕ አጮልቆ አየ። እኔን የገረመኝ ትዕግሥቱ ነው።

አሁን የፕላስቲክ ማበጠሪያ አምጪ። ጸጉርሽን ደጋግመሽ አበጥሪና ብጥስጣሽ ወረቀት ላይ አስጠጊው። ወረቀቱ ብድግ ይላል። ልብ በይ፤ ከታች መላዋ ምድር እየጎተተችው ነው፣ ከላይ ያለው አንድ ማበጠሪያ ነው። ያሸነፈው ማበጠሪያው ነው!

ይሄ የኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ማበጠሪያው ከጸጉርሽ ኤሌክትሮን (ኔጋቲቭ የሆነ ሚጢጢ ቅንጣት) ወስዶ ኔጋቲቭ ሆነ። ወረቀቱ ከማንም አልወሰደም፤ ግን ኔጋቲቭ ኔጋቲቭን ስለሚገፋ፣ ማበጠሪያው ሲቀርበው የወረቀቱ ኤሌክትሮኖች ትንሽ ሸሸት ይላሉ። ፖዘቲቩ ወገን ወደ ማበጠሪያው ይቀርባል። የቅርቡ መሳብ ከሩቁ መግፋት ስለሚበልጥ ወረቀቱ ይነሳል። ስበት ግን መግፋት የሚባል ነገር አያውቅም።

ታጥበሽ ጸጉርሽ በደንብ ሲደርቅ ሞክሪው፤ ቅባት ካለው እምቢ ይላል። የአያትሽ የእንጨት ሚዶም እምብዛም አይሆንም። ክረምት ከገባ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይለግማል፤ ከሰኔ በፊት ይሁን።

አባትሽ