ተፈናቃይን መድረክ ላይ ማስለቀስ ቴአትር አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰኔ 13 የሚውለው የዓለም የስደተኞች ቀን ሲቃረብ ወይም ከበላይ እንግዳ ሲጠበቅ፣ ለተፈናቃዮች የሦስት ቀን የቴአትር ሥልጠና ይሰጥና በአራተኛው ቀን አንዲት እናት መድረክ ወጥታ የደረሰባትን እንድትናገር ይደረጋል። እንግዳው ያለቅሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። እሷ ግን ያን ሌሊት ብቻዋን ታድረዋለች። በደብረ ብርሃንና በአካባቢው እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ስላሉ፣ በሙያው ያለን ሰዎች የምናውቀውን እንጽፋለን። (በሕጉ አነጋገር ድንበር የተሻገረው ስደተኛ ነው፤ ከወለጋ ወደ ሰሜን ሸዋ የመጣው ወገናችን ደግሞ የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ይባላል። የቴአትሩ አሠራር ለሁለቱም ያው ነው።)

ሦስት ቀን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ መገናኘት ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 18 ተሳታፊ፣ ሁለት አሠልጣኝ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ቀኑ ከዕርዳታ ማደያ፣ ከገበያና ከጁምዓ ጋር አይጋጭ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ጋቢውን ጥሎ የሚንቀሳቀስ ሰው አይገኝም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተዋናይ ድምፅ አይሰማም። እናቶች እንዲመጡ ከተፈለገ ሕፃናቱን የሚይዝ ሰው ከቡናው በፊት ይታሰብ።

ተሳታፊ የመምረጡን ሥራ ለኮሚቴ ብቻ መተው አይበጅም። ኮሚቴ ወይ ዘመዱን ይልካል፣ ወይ «የባሰ ታሪክ» ያለውን። ገና በምዝገባው ቀን ሥልጠናው ከስንዴና ከዘይት ጋር እንደማይገናኝ በግልጽ ካልተነገረ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ሰው ይቀራል፤ አይፈረድበትም። የትራንስፖርትና የሻይ ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን። ታሪኩ ለተመረጠለት ሰው ጨምሮ መስጠት ከተጀመረ ታሪኩ በየሳምንቱ እየከበደ ይመጣል፣ እውነቱም ይጠፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ታሪክ የለም። ክብ ሠርቶ መቆም፣ ስም መለዋወጥ፣ እንደ መስታወት የባልደረባን እንቅስቃሴ መከተል፣ በአካል ሐውልት መሥራት ይበቃል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ወሬው ይከፈታል፤ «ምን ደረሰባችሁ?» ተብሎ ግን አይጠየቅም። ጓሮው ምን ያበቅል ነበር? ወፍጮ ቤቱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሠርግ ላይ ማን ይጨፍር ነበር? ሰው ያጣውን ቤት በዚህ በኩል ሲገባበት አወጣጡንም ያውቃል። የተረት ወጋችን እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሰው ወሬው ከራሱ ትንሽ እንደራቀ ይገባዋል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባልም በሩ ይዘጋል። ሙሾ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የምታወጣውን የሚቀበል፣ ሲበቃ ዝም የሚያሰኝ፣ «እግዜር ያጽናሽ» የሚል ጎረቤት አለ። ያ ሁሉ በሌለበት አዳራሽ ሙሾ ማስጀመር ቁስል ከፍቶ መሄድ ነው። ሽለላና ፉከራም ከቂም ጋር ስለሚዛመዱ ለሌላ መድረክ ቢቆዩ እንመርጣለን።

ከሰባተኛው ቀን በኋላ የሦስት አራት ሰው ታሪክ ተቀላቅሎ አንድ ገጸ ባሕርይ ይወጣዋል። ስሙ፣ ቦታውና ዝምድናው ይለወጣሉ፤ ባል የነበረው ወንድም ይሆናል፣ ቀበሌው «ወንዝ ማዶ» ይባላል። ባለ ታሪኳ ልምምዱን ከሌላው ሰው በፊት አይታ «ይህ ይውጣ» ካለች ይወጣል፤ ለምን ተብላ አትጠየቅም። ፈቃዷም ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ስትናገር፣ ልምምዱን ስታይ፣ በትዕይንቱ ዕለት ጠዋት። በሦስተኛው ላይ እምቢ ብትልስ? ያ ክፍል ይቀራል፣ ቴአትሩ አምስት ደቂቃ ያጥራል። ለዚህ ሲባል ከመጀመሪያውም ከ20 ደቂቃ የሚበልጥ ድርሰት አይዘጋጅ።

ለቁሳቁስ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ነጠላ ብዙ ሰው ይሆናል፤ ተዘቅዝቆ ሲለበስ ሐዘን ነው፣ መስቀልያ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን፣ ወገብ ላይ ሲታሰር ሥራ። መድረኩን ለመለየት አሥር ሜትር ገመድ ይበቃል። የተኩስ ድምፅ ለማስመሰል ቆርቆሮ መምታት፣ ዱላን ጠመንጃ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት ያን ድምፅ ያውቁታል።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው ፎረም ቴአትር ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጨዋታው ችግሩ ሲከር ይቆምና አወያዩ ተመልካቹን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ያለው ሰው ወጥቶ ተዋናዩን ተክቶ ይጫወታል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጉዳዩ አመራረጥ ነው። ልጅ የበዛበትን ተከራይ የሚመልስ አከራይ፣ መሸኛ የሌለው ሰው መታወቂያ ሲጠይቅ፣ የትምህርት ማስረጃው የተቃጠለበት ተማሪ፣ የቦኖ ውኃ ወረፋ፤ እነዚህ መፍትሔ ስላላቸው ለፎረም ይሆናሉ። ግድያ ግን አይሆንም። የሞተውን ሰው ተክቶ «እኔ ብሆን አመልጥ ነበር» የሚል ተመልካች ሟቹን መወንጀሉ ነው፣ ባያስበውም። ደግሞም ተመልካቹ ባዳ አይደለም፤ በ2013 የአጣዬ፣ በ2014 መጀመሪያ የሸዋ ሮቢት ሰው ራሱ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

በልምምድ መሐል ሰው ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢያለቅስ አንዱ አሠልጣኝ ከቡድኑ ጋር ይቀራል፣ ሌላዋ ሰውየውን ይዛ ትወጣለች። ውኃ፣ መቀመጫ፣ እግርን መሬት ማስረገጥ፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ። «ንገረኝ፣ ይውጣልህ» ማለት አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ ያየን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉን እንዲዘረዝር ማድረግን አይመክርም። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ ስለዚህ ሥልጠናው ሳይጀመር ከጤና ጣቢያው ጋር ስምምነት ይኑር። ከትዕይንቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከተሳታፊዎቹ ጋር ቡና መጠጣትም የሥራው አካል ነው፤ በጀት ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።

ተመልካች ከ80 ባይበልጥ፣ እንግዳም ሶፋ ሳይዘረጋለት ከሕዝቡ ጋር አግዳሚ ላይ ቢቀመጥ። ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይግባ፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የወጣ ፊት አይመለስምና። ለእናንተም አንድ ልመና አለን። ዘጋቢ ስትልኩ ለትዕይንቱ ቀን ሳይሆን ለስምንተኛው ወይም ለዘጠነኛው ልምምድ ላኩ፤ ካሜራውን ይተውና እጆችን፣ ነጠላውን፣ ገመዱን በብዕር ይግለጽ። «ይህ የአንቺ ታሪክ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ለማንም ተዋናይ አያቅርብ።

በማኅበረሰብ ቴአትር ሙያ የምንሠራ
ከደብረ ብርሃን