ቀለበቷን ያለ አንቺ አየኋት

እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል?

ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ጊዜው ሄደ፤ ቆይቶ ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ። ያስቀየምሽኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ማየቴ ነው፤ ጨረቃ የፀሐይን መሀል ሸፍና ጠርዟን እንደ ቀለበት የምትተውበት። አዎ፣ ያ ስንት ጊዜ ያወራንለት! እዚሁ ከተማ መሀል፣ በፎቆች መካከል ቆሜ አየሁት። ገና ጨረቃ የፀሐይዋን ጠርዝ ስትነካ ስልኬን አውጥቼ ስምሽን ፈለግኩ፣ ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ያን ጊዜ መደወል ነበረብኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ከከተማ መውጣት ያስፈልጋል ብዬ አስብ ነበር። የከተማ መብራት የሚያስቸግረው ግን ከዋክብትን ለሚያይ ሰው ነው፤ ፀሐይን ምን ያደርጋታል? እዚህ የሚያሰጋው ደመናና ፎቅ ነው። ለደመናው አቅም የለኝም። ለፎቁ ግን አንድ ቀን ቀድሜ፣ በዚያው ሰዓት ወጥቼ ፀሐይዋ የት እንደምትሆን አየሁ። መጀመሪያ የመረጥኩት ቦታ ላይ አንድ ረጅም ሕንፃ ጋርዷታል። ሁለት መንገድ ተሻግሬ ገላጣ የመኪና ማቆሚያ አገኘሁ።

ቀለበቷ እስክትመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አብዛኛው ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ብርሃኑ ተለወጠ። የደመና ብርሃን አይደለም፣ የምሽትም አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም ከላይ እያለች፣ የሆነ ሰው ቀስ እያለ መብራቱን የቀነሰው ይመስላል። አየሩም ቀዝቀዝ አለ። ከዛፎቹ ሥር ያለው አስፋልት ደግሞ በትንንሽ ማጭዶች ተሞላ፤ በቅጠሎቹ መሀል ያለችው እያንዳንዷ ክፍተት የፀሐይን ምስል መሬት ላይ ትጥላለች። ጣቶቼን አጠላልፌ በክፍተታቸው ብርሃን ሳሳልፍም ያው ሆነ። ከዚያ ማጭዶቹ ተዘግተው ቀለበት ሆኑ! መቶ ቀለበት እግሬ ሥር! ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ቀና ስል ጨረቃ መሀሏ ገብታለች፣ ዙሪያዋን ቀጭን እሳት ቀርቷል። ምክንያቱን አንቺ ነበርሽ ያስረዳሽኝ። ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፣ ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ነው፣ ስለዚህ ከምድር ሲያዩአቸው እኩል ይመስላሉ። ጨረቃ ግን አንዴ ወደ 363,000 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፣ አንዴ ወደ 405,000 ትርቃለች። ርቃ ሳለች በፀሐይ ፊት ብታልፍ ጨርሳ አትሸፍናትም፤ የድቅድቅ ጥላዋ ጫፍ ምድር ሳይደርስ ያልቃል። ቃልሽን እንደነበረ ነው የያዝኩት።

በጣም የከነከነኝ ምን መሰለሽ? ሰዉ አላየም። ቀለበታዊ ግርዶሽ አይጨልምም፤ የቀረችው ጠርዝ ብቻዋን ከተማውን ታበራለች። ሰው ስልኩን እያየ በእነዚያ ቀለበቶች ላይ ተራምዶ አለፈ። አላስቻለኝም። አንዲት መንገደኛ ሴትዮ አስቁሜ መነጽሬን ሰጠኋት። ካየች በኋላ ምንም ሳትናገር እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ የማቆሚያው ጥበቃ፣ ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ። ቀለበቷ ቆየች ከተባለ አራት ደቂቃ ነው፤ ግማሹን ለሰው ሰጠሁት፣ አልቆጨኝም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ተማሪ ሳለን በራጅ ፊልም ያየነውን ታስታውሻለሽ? ሁለተኛ እንዳታደርጊው። ጥቁር መነጽርም አይሆንም። ዓይን ውስጡ ሲቃጠል አያምም፣ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ፀሐይዋ ጨርሳ ለተሸፈነችባት አፍታ መነጽር ይወልቃል፤ በቀለበታዊው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወልቅም። አይ.ኤስ.ኦ 12312-2 የሚለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር ፈልጊ። የመስታወት ፎቅ ላይ የምታንጸባርቀውን ፀሐይም ቢሆን በባዶ ዓይንሽ እንዳታዪ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከኮንጎ ተነስቶ በላሊበላ በኩል እስከ ሩቅ ምሥራቅ የዘለቀው ቀለበታዊ ግርዶሽ አመለጠን፣ ሁለታችንም ሰበብ ነበረን። ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በቺሊና በአርጀንቲና አልፎ አትላንቲክን አቋርጦ በጋና፣ በቶጎ፣ በቤኒንና በናይጄሪያ ላይ የሚያልፍ አለ። እሱ ባይመቸን በዓመቱ ጥር 17 ቀን 2020 ዓ.ም. ከደቡብ አሜሪካ እስከ ስፔን የሚሄድ ሌላ አለ። የትኛው እንደሚሻልሽ ጻፊልኝ። ስልክሽ ያው የድሮው ነው? እሁድ እደውላለሁ። መነጽር አሁን ሁለት አለኝ።