«ስንት አስገባሽ?» የምትለዋ ጥያቄ ታክሴን አበላሸችው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እንጀራ ልገዛ ሀበሻ መደብር በሄድኩ ቁጥር አነሳለሁ። የታክስ ወቅት ሲገባ የታክስ ሠሪዎች ማስታወቂያ ገጹን ይሞላዋል። ጥሩ ነው፣ በቋንቋችን የሚያስረዳን ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን ስለ ኤችኤስኤ፣ ማለትም ለሕክምና ብለን ከደመወዛችን ስለምናስቀምጠው ሂሳብ፣ አንድም ቀን ተጽፎ አላየሁም። እኔ ላይ የደረሰው ሌላው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

እዚህ ሜሪላንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ለ2024 ኢንሹራንስ ስመርጥ ወርሃዊው ክፍያ አነስ ያለውን፣ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ የምከፍለው) ግን ከፍ ያለውን ወሰድኩ። ከሱ ጋር ኤችኤስኤ ተከፈተልኝ። በየሁለት ሳምንቱ ከቼኬ 100 ዶላር ይቆረጣል፣ በዓመት 2,600 መጣ። መሥሪያ ቤቱም 500 ጨመረልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሲገባ ታክስ አይነካውም፣ ለሐኪምና ለመድኃኒት ሲወጣም ታክስ የለበትም፣ ዓመቱ ሲያልቅም አይቃጠልም፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

በፌብሩዋሪ ታክስ ላሠራ ሄድኩ። ሰውዬው ትሑት ነው፣ «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነበር። ደብሊው ቱዬን፣ አሠሪዬ የዓመቱን ደመወዜን ጽፎ የሚሰጠኝን ወረቀት፣ እያየ ቁጥሮቹን አስገባና፣ አንገቱን ቀና ሳያደርግ «ኤችኤስኤ አለሽ? ስንት አስገባሽ?» አለኝ። «2,600» አልኩት። እውነቴን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከቼኬ ላይ ሲቆረጥ እያየሁት የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ነገሩ የተበላሸው እዚችው ጋ ነው። በአሠሪ የቤኔፊት ፕላን በኩል ታክስ ሳይነካው ከደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ፣ በታክስ ሕጉ አሠሪው እንዳስገባው ነው የሚቆጠረው። ደብሊው ቱ ላይ በቀኝ በኩል ሳጥን 12 የምትባል አለች። እዚያ ውስጥ «ደብሊው» ከምትለው ፊደል አጠገብ ያለው ቁጥር የኔንም የመሥሪያ ቤቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው። የኔ 3,100 ይል ነበር። 2,600 እና 500 ማለት ነው። ሳጥን 1 ላይ ያለው ደመወዜም ያ 2,600 ቀድሞ የተቀነሰለት ነበር። ስለዚህ እኔ መመለስ የነበረብኝ «ዜሮ» ነው። ይሄ ማንም በራሱ ሊገምተው የሚችል ነገር አይደለም።

ፎርም 8889 የሚባለው ለዚህ ሂሳብ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ነው። 3,100ው በአሠሪው መስመር ገባ። 2,600ው ደግሞ ራሷ ያስገባችው ተብሎ ሁለተኛው መስመር ላይ ተደገመ። ድምሩ 5,700 ሆነ። ለአንድ ሰው በ2024 የሚፈቀደው 4,150 ነበር። ወረቀቱ 1,550 ዶላር ከልክ በላይ አስገብተሻል ብሎ 6 በመቶ ቅጣት ጣለብኝ፣ 93 ዶላር። በሌላ በኩል ደግሞ ከ4,150 ላይ 3,100 ሲነሳ የሚቀረውን፣ የማይገባኝን 1,050 ዶላር ከገቢዬ ላይ ቀነሰልኝ። አንዴ የተቀነሰ ገንዘብ ድጋሚ ተቀነሰ ማለት ነው።

ያኔ አላወቅኩም። ሪፈንዴ ስንት እንደሆነ አይቼ ፈርሜ ወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ የምንከባከባቸው አረጋውያን ሁሉ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ 93 የምትለዋን ቁጥር አየኋት። ደነገጥኩ። ጠዋት ባንኩ ጋ ደውዬ ትርፉን 1,550 አውጡልኝ ልል ስልኩን ሁሉ አንስቼ ነበር። ብደውል ኖሮ፣ ትርፍ ያልሆነ ገንዘብ ትርፍ ነው ብዬ አስወጥቼ ሌላ ጣጣ ውስጥ እገባ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችንን ኤችአር፣ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋን፣ ጠየቅኩ። እሷ ናት በጣቷ ሳጥን 12ን ያሳየችኝ። ከዚያ በነፃ ታክስ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጋ ሄጄ የገባ ታክስ በሚታረምበት ቅጽ፣ በ1040-ኤክስ፣ አስተካከልኩ። 93ቱ ተመለሰ፣ በ1,050ው ላይ ግን 126 ዶላር ከፈልኩ። ልዩነቱ 33 ዶላር፣ ለስቴቱም ትንሽ ነገር።

33 ዶላር ምን አላት የሚል ይኖራል። ከልክ በላይ ገብቷል የተባለ ገንዘብ ግን እስኪስተካከል ድረስ 6 በመቶው በየዓመቱ ነው የሚመጣው። በየጓዳችን ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ እየከፈለ እንደሆነ ሳስብ ያንገበግበኛል። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ቡና ላይ ነገሩን ሳነሳ አንዷ እህት ስልኳን አውጥታ ያለፈውን ዓመት ታክሷን ከፈተች። ራሱ ስህተት። ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ሰውዬውን አልወቅስም፣ በቀን ስንቱን እንደሚያስተናግድ አይቻለሁ። ጥያቄው ግን መለወጥ አለበት። «ስንት አስገባሽ?» ከተባለ ሁላችንም ከቼካችን የተቆረጠውን ነው የምንናገረው። «ከደመወዝሽ ከሚቆረጠው ውጪ፣ ከባንክሽ አውጥተሽ በራስሽ እጅ ያስገባሽው አለ?» ቢባል አንድም ሰው አይሳሳትም።

በራሱ እጅ የሚያስገባ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚጎዳው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ የሚገዙ ብሮንዝ የሚባሉት ፕላኖች ለኤችኤስኤ ብቁ ሆነዋል። ኡበር የሚነዱ፣ በግላቸው የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን እሱን ነው የሚይዙት። የነሱ ገንዘብ ከባንክ ስለሚገባ ደብሊው ቱ ላይ አይታይም፣ ራሳቸው ካልተናገሩ ቅናሹን የሚሰጣቸው የለም። ስንት እንደገባ የምታሳየው 5498-ኤስኤ የምትባለው ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ የምትመጣው በሜይ ነው፣ ታክስ ከተሠራ በኋላ። እሷን ከመጠበቅ ሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ጠቅላላ ድምሩን ማየት ነው። ለ2025 ብቁ የነበረ ሰው እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ድረስ ማስገባት ይችላል፣ ግን ባንኩ ለየትኛው ዓመት እንደሆነ እንዲመዘግብለት መንገር አለበት። የ2025 ልክ ለአንድ ሰው 4,300፣ ለቤተሰብ 8,550 ነው። የ2026 ደግሞ 4,400 እና 8,750። 55 ዓመት የሞላው 1,000 ይጨምራል፣ ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የጀመረ ግን ማስገባት ያቆማል።

ወጪውም ይነገር። በኤችኤስኤ ካርዱ ከከፈላችሁ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከሂሳቡ የወጣውን የምታሳይ 1099-ኤስኤ የምትባል ወረቀት ትመጣለች። ታክስ አይደለችም ብሎ የሚጥላት ብዙ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥርሱን ባሳከመበት ገንዘብ ላይ፣ ፎርም 8889 ስላልተያያዘ ብቻ፣ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ክፈል የሚል ደብዳቤ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ መጣለት። ደረሰኞቹን በካርቶን አስቀምጦ ስለነበር ተረፈ።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። እናቴ አዲስ አበባ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊነሳላት ነበር። ገንዘቡ ኤችኤስኤዬ ውስጥ አለ፣ ለሕክምና ነው፣ እናቴ ናት። በኛ ልብ ከዚህ በላይ የተፈቀደ ወጪ የለም። ሕጉ ግን ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛና በታክስ ለሚያዝ ጥገኛ ብቻ ነው የሚለው። ኢትዮጵያ የሚኖር፣ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ወላጅ በጥገኝነት አይያዝም። ከሱ ላይ ብልክላት መደበኛው ታክስ ሲደመር 20 በመቶ ቅጣት ነበረብኝ፣ 65 ዓመት አልሞላኝምና። ከቁጠባዬ ላክሁላት። የራሴን ጥርስ ግን ለገና አገር ቤት ሄጄ ሳስነቅል የከፈልኩት ይቆጠራል፣ ደረሰኙን ይዤ መጥቻለሁ። ይህን ልዩነት በአማርኛ የሚነግረን ሰው ባለመኖሩ፣ ለወላጆቹ ብሎ በቅን ልብ አውጥቶ ቅጣት ላይ የወደቀ ሰው አውቃለሁ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ከኤፕሪል 15 በፊት በሚወጣው እትማችሁ ላይ የደብሊው ቱ ሥዕል አትሙልን። ሳጥን 12 ውስጥ «ደብሊው» ከምትለው ፊደል አጠገብ ያለውን ቁጥር በቀይ ክበቡትና ከጎኑ «ይህ ከቼክህ የተቆረጠውንም ይጨምራል፣ ድጋሚ አትቁጠረው» ብላችሁ ጻፉበት። ሰው ቀዶ ይዞት ይሂድ፣ ታክስ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ