ያልተተኮሰው ጥይት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆችስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዝምታችን በጣም ረዘመ፤ ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን ግን አንካሰስ።

ስትሰማ መሳቅህ አይቀርም፤ እዚህ ቨርጂኒያ ዝገት ሰብሳቢ ሆኛለሁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ወድቆ ከአፈር የወጣ ጥይት፣ አዝራርና የቀበቶ ዘለበት እገዛለሁ። ፍሬደሪክስበርግ፣ ቻንስለርስቪል፣ ዊልደርነስና ስፖትሲልቬንያ የሚባሉት የጦር ሜዳዎች ተቀራርበው ስለሚገኙ የአካባቢው መሬት ዛሬም እርሳስ አላለቀበትም።

አሁን ከፊቴ ሚኒዬ የሚባል አንድ የዚያ ጦርነት የእርሳስ ጥይት አለ። ወገቡ ላይ ሦስት ቀለበት፣ ሥሩ ጎድጓዳ፣ ገላው አፈር ውስጥ ከርሞ አመድማ ነጭ የሆነ። ጫፉ ላይ ብሎን የገባበት የሚመስል ቀዳዳ አለው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር፤ ባሩዱ ከረጠበ አልተኩስ ይላል። ያን ጊዜ ወታደሩ ጥይት መጠቅጠቂያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥምዝ ብረት ገጥሞ ጥይቱን ይጎትተዋል። ይህ እንግዲህ ተጎትቶ የተጣለ ነው፤ ማንንም አልገደለም። ሌሎች ተተኩሶ የተጨፈለቀውን ይሻማሉ፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

የጥርስ ምልክት ያለበትንም «እግሩ ሲቆረጥ ወታደር የነከሰው» ብለው በውድ ይሸጡታል። አትመን! ክሎሮፎርምና ኤተር የሚባሉት ማደንዘዣዎች በሰፊው ይሠራባቸው ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ነካሹ አፈር ሲምስ ያገኘው አሳማ ነው።

እኔ ከእቃው በፊት የማየው አብሮት ያለውን ብጣሽ ወረቀት ነው፦ የት እርሻ፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ተቆፈረ? በመንግሥት ፓርክነት በተከለሉት የጦር ሜዳዎች መቆፈር ወንጀል ነው፤ በግል መሬት ላይ ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ይቻላል። ወረቀት የሌለውን ቢያምርም አልገዛም፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ በሐሰት የተሠራ ዘለበትም ሞልቷል። የመድፍ ጥይት ደግሞ ጭራሽ ቤቴ አይገባም። ባሩዱ ዛሬም ሕያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ ሰብሳቢ ሲያጸዳው ፈንድቶ ገድሎታል።

አንድ ልመና አለኝ። የእጅ ጽሑፍህ ከእኔ በእጅጉ ይሻላል። ለእያንዳንዱ እቃ የተገኘበትን ቦታና ቀን የሚይዝ ካርድ ማዘጋጀት ጀምሬአለሁ፤ ዝርዝሩን ብልክልህ በአማርኛ ትጽፍልኛለህ? መልስህን እጠብቃለሁ።

ወንድምህ