«ዕዳው ከድርጅቱ አያልፍም»? እስቲ እኔን ጠይቁኝ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፔይሮል ታክስ (በሠራተኛ ደመወዝ ላይ ስለሚከፈለው ግብር) ዕዳ ያወጣችሁትን ዘገባ ያሳየኝ ከጎኔ ግሮሰሪ ያለው ጎረቤቴ ነው። ፊቱ እየበራ ስልኩን ዘርግቶ አንዷን መስመር በጣቱ ጠቆመኝ፤ «ድርጅቱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከሆነ ዕዳው ከድርጅቱ አያልፍም።» እሰይ! ለካ እኔ ይህን ባለማወቄ ነው ስድስት ዓመት ሙሉ ከልጆቼ ጉሮሮ እየነጠቅሁ በየወሩ ስከፍል የኖርኩት።

ከሠራተኛው ቼክ ላይ የሚቆረጠው የፌዴራል የገቢ ግብር፣ የሶሻል ሴኩሪቲው (የጡረታው) 6.2 በመቶና የሜዲኬሩ (የአረጋውያን ሕክምናው) 1.45 በመቶ የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም። አደራ ነው፤ የአሜሪካ ሕግም የሚያየው እንደዚያው ነው። አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚያዋጣው ድርሻ የድርጅቱ ዕዳ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ልክ ናችሁ። አደራውን ግን ሆን ብሎ ያላስገባ ኃላፊ መቶ በመቶውን በግሉ ይጠየቃል። ሆን ብሎ ሲባል ደግሞ የግድ ሌብነት አይደለም። ግብሩ እንዳለ እያወቁ ለሌላ ሰው አስቀድሞ መክፈል ይበቃል።

እኔ ያስቀደምኩት ሥጋ አቅራቢውን ነው። ሐሙስ ማታ በጓሮ በር ቆሞ «ያለፈው ካልተከፈለ ካርቶኑን አላወርድም» አለኝ። ቅዳሜ ክትፎ ከሌለ ደግሞ ቤቱ የለም። ቼኩን ጻፍኩለት። ለአንድ ሐሙስ ብዬ የጀመርኩት አራት ሩብ ዓመት ሄደ። ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው የባለቤቴ ወንድም ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ የባንኩ ፊርማ ግን የእኔ። ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ የመጣችው ሴትዮ ስለ ወጡ አልጠየቀችኝም። ቼክ የሚፈርመው ማነው? ማን ቀድሞ እንደሚከፈል የሚወስነው ማነው? በቃ። ቀጥሎ አደራውን በግሌ ሊጠይቁኝ እንዳሰቡ የሚያሳውቀው፣ 1153 የሚባለው ደብዳቤ መጣ። ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል፤ እኔ ናፕኪን መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ሦስቱን ሳምንት በፍርሃት ጨረስኩት።

የዘረዘራችኋቸው መላዎች ውሸት አይደሉም። ዕዳው ከ25,000 ዶላር ካልበለጠ፣ በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ሀብቱን አንድ በአንድ ሳይዘረዝር በየወሩ ሊከፍል ይችላል። ቀደም ያሉት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑለት የድርጅቱ ቅጣት ሊነሳለት ይችላል፤ በግል የመጣበትን ግን ያ አይነካውም። «ዕዳዎን በሳንቲም እንጨርስልዎታለን» የሚሉት ማስታወቂያዎች የማይነግሯችሁ፣ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የአሁኑንና ያለፉትን ሁለት ሩብ ዓመታት ግብር ካላስገባ የድርድር ማመልከቻው እንደሚመለስበት ነው።

የዘለላችሁት ነው ያንገበገበኝ። ተገዶ ሳይሆን በፈቃዱ የሚከፍል ሰው «ይህ ገንዘብ በመጀመሪያ ለአደራው ይዋል» ብሎ በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል። ካላዘዘ አይአርኤስ ለመንግሥት በሚበጀው መንገድ ያውለዋል፤ ብዙ ጊዜም ድርጅቱ ብቻ በሚጠየቅበት በኩል ይጀምርና በሰውዬው ስም ያለውን ያቆየዋል። አካውንታንቴ ይህን ትንፍሽ አላለም። 9,400 ዶላር ገፈገፍኩ፣ በስሜ ያለው ዕዳ ንቅንቅ አላለም። ኋላ አንዲት ጠበቃ ናት ከቼኩ ጋር የሚላከውን መስመር በእስክሪብቶ ጽፋ ያሳየችኝ። አንድ መስመር! እናንተ ለዚያች መስመር ቦታ አጥታችሁ ሱፍ ለብሶ መስታወት ሥር የቆመ ፈረንጅ ፎቶ ግማሽ ገጽ ሰጣችሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት የእኛ ሰው ሬስቶራንትና ግሮሰሪ እያለ።

ጎረቤቴ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ዘግቶ እንደሚወጣ ለአከራዩ ነግሯል። ዘግቶ ቢሄድ አደራው ይከተለዋል፤ ኪሳራ ቢያውጅም ይህ ዕዳ አይሰረዝለትም። ይህን ብነግረው «ጋዜጠኛው ካንቺ አያውቅም?» አለኝ። እባካችሁ እርማቱን ከወሩ መጨረሻ በፊት አውጡት፤ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከስልኩ ላይ ያንብበው።

አንዲት የሬስቶራንት ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ