ሻማው ለእኔ አልሆነም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጥንዶች ምሽት ያወጣችሁትን ምክር ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ሹክሹክታ። ሦስቱም የእኔ ጠላቶች ናቸው!

የመስሚያ መሣሪያ አደርጋለሁ። ድምፅ ይደርሰኛል፤ የሚያመልጠኝ ቃሉ ነው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ስለሚጠፉብኝ ጎደሎውን ከከንፈሯ አይቼ እሞላለሁ። በጨለማ ምኑን አያለሁ? ሹክሹክታማ ለእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ የጋብቻ በዓላችንን ስናከብር ሰው ሳይበዛ ቀደም ብለን ምግብ ቤት እንገባለን። ከድምፅ ማጉያው ርቀን ጥግ እንይዛለን። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች፣ እኔ ለጫጫታው ጀርባዬን እሰጣለሁ። መሣሪያዬ ከፊቴ የሚመጣውን ድምፅ እንዲያስቀድም ተስተካክሏል። መብራቱ ደግሞ ፊቷ ላይ ማረፍ አለበት። (በዚህስ ቅሬታ የለኝም።)

ስታቅፈኝ መሣሪያው ያፏጫል። ጆሮዬ ሲሸፈን ከውስጥ የወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ እንሳቀቅ ነበር። አሁን «ዳኛው ፊሽካ ነፋ» ብላ ትስቃለች።

አንድ ነገር ግን ጻፉልን። አልሰማሁም ስንል «ተወው፣ ምንም አይደል» አትበሉን። ተራ ቀልድም ቢሆን ይደገምልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ